መስከረም 17 ላይ ሁለት ስም ተጽፎ አገኘሁ

የፒያሳው ልጅ (ክሩን የከፈተ)
ሰኞ፣ ከሰዓት 9:20

ሰላም ቤቶች፣ እንዴት ከረማችሁ።

የምሠራው ብሔራዊ ቴአትር ጀርባ፣ አንዲት ጠባብ ፀጉር ቤት ውስጥ ነው። ድሮ ፒያሳ ነበርን። ሰፈሩ ሲፈርስ ወንበርና መስታወታችንን ተሸክመን ወደዚህ ወረድን። ስሜን ግን አልቀየርኩም።

ግድግዳችን ላይ ሁለት ነገር ተለጥፏል። አንዱ የዋጋ ዝርዝር ነው፤ ማንም አያነበውም። ሌላው የቤተ ክርስቲያን ካላንደር ነው፤ በየቀኑ ሥር ሚካኤል፣ ገብርኤል፣ ማርያም የሚለው። ጋሼ፣ የቤቱ ባለቤት፣ በዚህ ካላንደር ላይ ለዓመታት የያዙት ሥራ አለ። ሙዚቀኛ የተወለደበትን ቀን በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ያረፈበትን በቀይ ይጽፋሉ። ስምና ዓመት ብቻ። አዲስ ዓመት ሲመጣ አሮጌውን አውርደው፣ ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው፣ አንድ በአንድ ወደ አዲሱ ይገለብጡታል።

ዘንድሮ ዓይናቸው ደከም ስላለ ሥራውን ለኔ ሰጡኝ። ደንበኛ ሲጠፋ ቶንዶሱን አስቀምጬ እጽፋለሁ። መስከረም 17 ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። በሰማያዊ፦ ጥላሁን ገሠሠ፣ 1933። በቀይ፦ ማዲንጎ አፈወርቅ፣ 2015። አውራ ጣት በምትሸፍናት ሳጥን ውስጥ ሁለቱ ተጣብቀው። ከሥራቸው በማተሚያ ቤቱ ፊደል «መስቀል» ይላል።

ጋሼን ጠርቼ አሳየኋቸው። «አዎ፣ አውቃለሁ» አሉና ወደ ጋዜጣቸው ተመለሱ።

እና ጥያቄዬ፦ እንዲህ ዓይነት ግጥምጥሞሽ ሌላ የምታውቁ አላችሁ? ከሁሉ በላይ የምፈልገው ራሱ በተወለደበት ቀን ያረፈ ሙዚቀኛ ነው። ካላንደሩን ከመስከረም እስከ ጳጉሜን ፈትሼዋለሁ። አንድ ስም በሁለት ቀለም የተጻፈበት ሳጥን የለም።

ጀማሪው
ሰኞ፣ ከሰዓት 9:31

ብሮ ሊል ዌይንም እኮ በሴፕቴምበር 27 ነው የተወለደው። አቭሪል ላቪንም። የሜታሊካው ክሊፍ በርተን ደግሞ የሞተው በዚያው ቀን ነው፣ በ1986 ስዊድን ውስጥ አውቶብሳቸው ተገልብጦ። ሳጥኗን አስፋት።

ሥራ ፈት
ሰኞ፣ ከሰዓት 9:40

ሰው ወንበር ላይ አስቀምጠህ ነው ይሄን ሁሉ የምትጽፈው?

የፒያሳው ልጅ
ሰኞ፣ ከሰዓት 9:42

እንቅልፍ ወስዶታል።

ክራር ባለስድስት
ሰኞ፣ ከምሽቱ 1:15

ለጥያቄህ መልስ አለኝ። ሜርል ሃጋርድ።

እኛ አገር ካንትሪ ሲባል ኬኒ ሮጀርስ፣ ዶን ዊልያምስና ጂም ሪቭስ ናቸው። በታክሲ ውስጥ እነሱን እየሰማን ነው ያደግነው። ሃጋርድን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። ሸካራ ነው፤ በወጣትነቱ ሳን ኩዌንቲን እስር ቤት ገብቶ የወጣ ሰው ነው። በፈረንጅ ኤፕሪል 6፣ 1937 ተወለደ። ኤፕሪል 6፣ 2016 አረፈ። ልክ 79 ዓመት በሞላው ቀን። የሚገርመው ይሄ አይደለም። ልጁ ያኔ እንደጻፈው፣ አባቱ ከሳምንት በፊት «በልደቴ ቀን እሄዳለሁ» ብሏቸው ነበር። ያለውም አልቀረ።

ሁለተኛው ሲድኒ ቤሼ ነው። የኒው ኦርሊንስ ልጅ፤ ክላርኔትና ሶፕራኖ ሳክስፎን ተጫዋች። ሜይ 14፣ 1897 ተወልዶ፣ ሜይ 14፣ 1959 ፈረንሳይ አገር አረፈ። ሳክስፎኑ ይንቀጠቀጣል፣ ያለቅሳል። የኛን ሳክስፎን ተጫዋች የጌታቸው መኩሪያን ሽለላ የሚወድ ሰው ቤሼን ቢሰማ አይከፋውም።

በነገራችን ላይ ጌታቸው ያረፈው ሃጋርድ ከመሞቱ ሁለት ቀን ቀድሞ ነው። መጋቢት 26፣ 2008።

የፒያሳው ልጅ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 1:50

መጋቢት 26 ላይ ቀዩ አለ፣ አሁን አየሁት። እሺ፣ ሃጋርድን 28 ላይ በሁለት ቀለም ልጻፈው? ቤሼንስ ግንቦት 6 ላይ?

ዘመነ ሉቃስ
ማክሰኞ፣ ጠዋት 2:05

ወንድሜ፣ እስክሪብቶህን ከማንሳትህ በፊት አንዴ ቆይ።

ሃጋርድን ጻፈው። መጋቢት 28፣ 1929 ተወለደ፣ መጋቢት 28፣ 2008 አረፈ። በነሱም በኛም አንድ ቀን ነው። ቤሼን ግን እንዳትጽፍ። በኛ አቆጣጠር የተወለደው ግንቦት 7፣ 1889 ነው። ያረፈው ግንቦት 6፣ 1951። ለአንዲት ቀን አመለጠው።

ጥፋቱ የ1900 ነው። ፈረንጆች በየአራት ዓመቱ ፌብሩዋሪ ላይ አንድ ቀን ይጨምራሉ። መቶ ዓመት ሲሞላ ግን፣ ቁጥሩ ለ400 ካልተካፈለ፣ ይዘሏታል። በ1900 ዘለሏት። እኛ መዝለል የሚባል ነገር የለንም። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ በሁለታችን መካከል ያለው ርቀት አንድ ቀን ሰፋ። ካላመንከኝ ዓድዋን እይ። ድሉ የካቲት 23፣ 1888 ነው፤ የፈረንጅ መጽሐፍ ማርች 1፣ 1896 ይለዋል። ዛሬ ግን የካቲት 23 የሚውለው ማርች 2 ነው። እኛ በዓሉን ከቦታው አላነሳነውም።

ሁለተኛው ጣጣ ጳጉሜን 6 ናት። ዘመነ ሉቃስ ሲያልቅ ትመጣለች (ስሜ ከየት እንደመጣ ገባችሁ)። በማግስቱ ዘመነ ዮሐንስ ሲገባ መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል። መስቀልም ሴፕቴምበር 28 ይሆናል። ይቺ መዛነፍ እነሱ ፌብሩዋሪ 29ን እስኪቆጥሩ ትቆያለች። በኛ እስከ የካቲት 21 ማለት ነው። ከመጋቢት እስከ ጳጉሜን የተወለደና የሞተ ሰው ከዚህ ጣጣ ነፃ ነው። ችግሩ ከመስከረም እስከ የካቲት ያለው ነው።

ምሳሌ ልስጥህ። ኤልያስ መልካ ያረፈው በኦክቶበር 4፣ 2019 ነው። አሜሪካዊቷ ዘፋኝ ጃኒስ ጃፕሊንም በኦክቶበር 4 ነው የሞተችው፣ በ1970። የፈረንጅ ካላንደር ብትይዝ አንድ ሳጥን ውስጥ ትጽፋቸዋለህ። የኛን ከያዝክ ኤልያስ መስከረም 23 ላይ ነው፣ እሷ 24 ላይ። 2012 ዘመነ ዮሐንስ ነበራ።

በተቃራኒው አስናቀች ወርቁን እይ። ያረፈችው መስከረም 3፣ 2004። ኤሚ ዋይንሃውስ የተወለደችው መስከረም 3፣ 1976። ሁለቱም ዓመት ዮሐንስ ነው፤ ስለዚህ ሴፕቴምበር 14 ላይም አይለያዩም። ክራሯን ይዛ መድረክ የምታስጨንቅ የኛ ሰውና ያቺ የሎንዶን ልጅ። እኔ ይሄን ካወቅኩ ወዲህ ሁለቱን አከታትዬ ነው የምሰማው።

የመስከረም 17ቱ ግን ንጹህ ነው። 1933 ማቴዎስ፣ 2015 ሉቃስ። በፈረንጅም ሁለቱም ሴፕቴምበር 27። ጋሼህ አልተሳሳቱም።

ጀማሪው
ማክሰኞ፣ ጠዋት 2:20

ጭንቅላቴ ዞረ።

ክራር ባለስድስት
ማክሰኞ፣ ጠዋት 2:48

ቤሼን ነጠቅከኝ እኮ! እኔ ለዓመታት በየቡና ቤቱ ሳወራው የኖርኩት ነው።

ዘመነ ሉቃስ
ማክሰኞ፣ ጠዋት 2:51

ፈረንሳይ ሄደህ አውራው። እዚያ ይሠራል።

የሂሳብ መምህር
ማክሰኞ፣ ረፋድ 4:30

ትንሽ ቀዝቃዛ ውሃ ልቸልስ።

ቀኖቹ ሁሉ እኩል ዕድል አላቸው ብንል፣ አንድ ሰው በተወለደበት ቀን የመሞት ዕድሉ ከ365 አንድ ነው። አንድ ሺህ ሙዚቀኛ ብትቆጥሩ ሁለት ሦስት ይገኛል። የሁለት የተለያዩ ሰዎች ቀን መገናኘት ደግሞ ከዚህም ይቀላል። ቅዳሜ ከሰዓት ፀጉር ቤታችሁ 23 ሰው ወረፋ ቢይዝ፣ ከመካከላቸው ሁለቱ በአንድ ቀን የተወለዱ የመሆናቸው ዕድል ከግማሽ ይበልጣል። ጥላሁንና ማዲንጎ ባይገናኙ ሌሎች ሁለት ይገናኙ ነበር፣ እኛም ስለነሱ እናወራ ነበር።

ግን አንድ ነገር አለ። ስዊዘርላንድ ውስጥ ከ1969 እስከ 2008 የሞቱ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ተቆጥረው፣ በልደት ቀን የሚሞተው ሰው ከሌላው ቀን ወደ 14 በመቶ በልጦ ተገኝቷል። ስለዚህ ሃጋርድ «በልደቴ» ሲል ሙሉ በሙሉ አልቀለደም።

አንተ ልጅ፣ ለመሆኑ ካላንደሩ ላይ ሰማያዊው ስንት ነው፣ ቀዩስ?

የፒያሳው ልጅ
ማክሰኞ፣ ቀን 6:10

ቆጠርኩት መምህር። ቀዩ የሰማያዊውን ሦስት እጥፍ ይሆናል። ጋሼን ለምን ብዬ ጠየቅኳቸው። «ሲሞቱ ሬዲዮ ይናገራል፤ ሲወለዱ ማን ነገረን?» አሉኝ።

ከዲሲ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:00

ጋሼህ የተናገሩት ነገር የኔንም ቁስል ነካው።

እናቴ የወለደችኝ በእንቁጣጣሽ ነው። ቄጤማ ተጎዝጉዞ፣ ቤቱ በእንግዳ ተሞልቶ። ወረቀት ሳወጣ አንዱ ጸሐፊ መስከረም 1ን አየና ቀጥታ «ሴፕቴምበር 1» ብሎ መታው። እነሆ ይኸው፣ በሕግ ፊት ከእናቴ ምጥ አሥር ቀን ቀድሜ ተወልጃለሁ። እዚህ የማውቃቸው ደግሞ ግማሾቹ ጃንዋሪ 1 ናቸው። ቀኑን የማያውቅ ሁሉ እዚያ ይታጎራል። በፈረንጆች አዲስ ዓመት ስልኬ ላይ የሚመጣውን የልደት ማስታወሻ ብታዩት ሆስፒታሉ ሁሉ የኛን ሰው ሲያዋልድ ያደረ ነው የሚመስለው።

ይሄ የኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሉዊ አርምስትሮንግ ዕድሜ ልኩን ጁላይ 4፣ 1900 ተወለድኩ ይል ነበር፤ ልክ የአሜሪካ የነፃነት ቀን። በ1971 አረፈ። ከሞተ በኋላ የክርስትና መዝገቡ ሲገኝ ኦገስት 4፣ 1901 ሆኖ ቁጭ አለ። ያረፈው ደግሞ ጁላይ 6 ነው። በራሱ ቆጠራ ቢሆን ሁለት ቀን ብቻ ነበር የሚያልፈው።

እና እላለሁ፣ ከኛ ዘፋኞች ውስጥ በልደቱ ቀን ያረፈ አልነበረም አትበሉ። ሰማያዊው ስላልተጻፈ ነው።

የሂሳብ መምህር
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:12

ይሄንን እቀበላለሁ። ግማሽ ዳታ ይዘን ነው የምንከራከረው።

የአራት ኪሎ እናት
ረቡዕ፣ ጠዋት 1:30

ልጆቼ፣ እኔ ሂሳቡን አልችልም። ቀኑን ግን አልረሳውም።

ጥላሁን ያረፈው የፋሲካ ዕለት ነው፣ ሚያዝያ 11፣ 2001። እኔ የሰማሁት በማግስቱ ነው። ጠዋት የተረፈውን ዶሮ እያሞቅኩ ነበር። የጎረቤቴ ልጅ ሳታንኳኳ ገባች። ራሷ ላይ ነጠላ ጣል አድርጋለች፤ የለቅሶ አጣጣል ነው። ማን ሞተ ብዬ ጮህኩ። ስሙን ስትጠራው ጭልፋውን ይዤ ቁጭ አልኩ። ዶሮው አርሮ ጭሱ ደጅ ድረስ ወጣ፣ ማንም አልተነሳም። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በሕይወቱ አንድ ጊዜ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ነው። የገዛ ወንድሙን ሲቀብር እንኳ አላለቀሰም።

የተቀበረው እዚሁ ሥላሴ ነው። ሳስቀድስ መቃብሩን ሳላይ አልመለስም።

ልጆቼ በየዓመቱ ሚያዝያ 11 ዘፈኑን ይከፍታሉ። ለኔ ግን የሱ ቀን ፋሲካ ነው። ፋሲካ ደግሞ እንደምታውቁት ዟሪ ነው፣ አንድ ቦታ አይቀመጥም። እነሱ በነሱ ቀን፣ እኔ በኔ ቀን ስናስታውሰው ኖርን። በ2012 ፋሲካ ተመልሶ ሚያዝያ 11 ላይ ዋለ። የኮሮናው ጊዜ ነው። እንግዳ የለ፣ መውጣት የለ፣ እኛው በእኛው። ያን ቀን ነው ለመጀመሪያ ጊዜ አብረን ያስታወስነው።

ዘመነ ሉቃስ
ረቡዕ፣ ጠዋት 1:55

እትዬ፣ ልክ ነዎት። ባሕረ ሐሳቡን ሠርቼ አየሁት። ከ2001 እስከ 2012፣ 11 ዓመት። እኔ ስለ ቀን አውቃለሁ ብዬ ስመጻደቅ ይሄን አላየሁትም ነበር።

የዜማ ተማሪ
ረቡዕ፣ ጠዋት 2:30

በመስቀል መጥቶ በፋሲካ ሄደ በሉኝ። ደሞ 11ኛውን ቀን አስተውላችኋል? ቅዱስ ያሬድ የሚታሰበው ግንቦት 11 ነው። ወሩ ይለያይ እንጂ ቀኑ አንድ ነው። እኛ ደግሞ ቀንን በወር ነው የምንቆጥረው። አያቴ «በሚካኤል ተወልዶ በሚካኤል ሞተ» ስትል ኅዳር ይሁን ሰኔ አትጠይቅም። 12 ከሆነ 12 ነው።

እንዲህ ካያችሁት ካላንደሩ በቅዱሳን ይሞላል። ኤልያስ መልካ 23፣ ጊዮርጊስ። እዮብ መኮንን ነሐሴ 12፣ ሚካኤል። ዓለማየሁ እሸቴ ነሐሴ 27፣ መድኃኔ ዓለም።

የሂሳብ መምህር
ረቡዕ፣ ረፋድ 4:15

በወር ከቆጠርን እኮ ዕድሉ ከ365 ሳይሆን ከ30 አንድ ሆነ! ከሺህ ሙዚቀኛ 33ቱ በተወለዱበት ታቦት ቀን ያርፋሉ ማለት ነው። ተአምሩን አረከሳችሁት።

የዜማ ተማሪ
ረቡዕ፣ ረፋድ 4:20

አላረከስነውም፤ ለብዙ ሰው አደረስነው።

ጀማሪው
ረቡዕ፣ ቀን 6:40

ቦብ ማርሌስ? ፌብሩዋሪ 6፣ ጥር 29። 60ኛ ልደቱ ሲከበር መስቀል አደባባይ ሰው እንደ አሸዋ ነበር፣ 1997 ላይ። እኔ ሕፃን ነበርኩ፣ አጎቴ ትከሻ ላይ ሆኜ ከድሬድ በቀር ያየሁት የለም። ጊታሪስቱ ጋሪ ሙር በዚያች ቀን ነው የሞተው፣ በፈረንጅ 2011። ዘመነ ሉቃስ፣ ፈትሽልኝ።

ዘመነ ሉቃስ
ረቡዕ፣ ቀን 6:52

ንጹህ። ሦስቱም ጥር 29። በዓለ ወልድ።

የፒያሳው ልጅ
ሐሙስ፣ ከሰዓት 10:05

ቤቶች፣ ሪፖርት ላቅርብ።

ዛሬ ደንበኛ ቀዝቀዝ ሲል ጋሼን አስቀምጬ ክሩን ከላይ እስከ ታች አነበብኩላቸው። ስለ ዶሮዋ ሲሰሙ መነጽራቸውን አወለቁ። የአርምስትሮንግ ላይ ሳቁ። ቤሼ ለአንድ ቀን ማምለጡን ስነግራቸው «ምስኪን» አሉ፣ አሁን የሞተ ይመስል።

ሃጋርድን ለመጻፍ ፈቃድ ጠየቅኩ። «ማነው እሱ ደሞ?» አሉ። ከስልኬ ላይ አንድ ዘፈን ከፈትኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙት። «እንግሊዝኛው አይገባኝም፤ ሰውየው ግን ታስሯል» አሉ። እኔ ስለ ሳን ኩዌንቲን ያነበብኩላቸው ነገር የለም፤ ያቺን መስመር ዘልያት ነበር። መጋቢት 28 ላይ በሰማያዊም በቀይም ጻፍኩት። ካላንደሩ ላይ ብቸኛው ነው።

ከዚያ ሳላስበው «እርስዎስ ጋሼ፣ መቼ ነው የተወለዱት?» አልኳቸው። ስንት ዓመት አብሬያቸው ስሠራ አንድም ቀን ጠይቄያቸው አላውቅም።

«በአቦ ነው ትለኝ ነበር እናቴ።»

«የየትኛው ወር አቦ?»

«እሱን አልነገረችኝም።»

አንድ ሰውዬ ፂም ሊላጭ ገባ፣ ጋሼም ተነሱ። እሳቸው አረፋውን ሲመቱ እኔ ሰማያዊውን አነሳሁና በየወሩ 5ኛ ቀን ላይ አንዳንድ ነጥብ አደረግኩ። ከሩቅ አይታይም። አሥራ ሁለት ነጥብ።

ሥራ ፈት
ሐሙስ፣ ከሰዓት 10:11

ጳጉሜን 5ንስ?

የፒያሳው ልጅ
ሐሙስ፣ ከሰዓት 10:14

ጨመርኩ። አሥራ ሦስት።